የሚያበራው ክዳን

የንባብ ክፍል፦ ማቴዎስ 23፥25-26፤ ማቴዎስ 5፥23-24፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥5-10

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ነው። የሚያኮራ ታሪክ ስላልሆነ ለመጻፍ ብዙ ዘግይቻለሁ። ነገር ግን ጌታ ያስተማረኝን ደብቄ ብይዝ፣ ከዚህ በታች የምናዘዘውን ጥፋት መልሼ መድገም ይሆንብኛል።

እንጅባራን የሚያውቅ ሰው ዝናቧን ያውቃል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ይወርዳል፣ ጉሙ ሲገፈፍ ብርዱ ይከተላል። በእንዲህ ያለ አገር ደጅ የሚያድር ብረት ሁሉ ቶሎ ያረጃል። የጣሪያው ቆርቆሮ ይዝጋል፣ የበሩ ማጠፊያ ያቃስታል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ያበጅና ራሱን ይጠብቃል። እርጥበትና ቆሻሻ ሲደራረብበት ግን መልኩ ይጠፋል። አመድ እንደ ተነፋበት ግራጫ ይሆናል፣ እዚህም እዚያም ነጭ ነጥብ ያወጣል። በአሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ ኮፈን ሥር የነበረው ሁሉ እንዲህ ነበር። የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ የአየር ማስገቢያው፣ የዲናሞው አካል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የአመድ መልክ ነበራቸው።

መኪናዋን የገዛናት እኔና ባለቤቴ ከመምህርነት ደመወዛችን ቆጥበን፣ የጎደለውን ተበድረን ነው። ያገለገለችው ደግሞ ቤታችንን ብቻ አልነበረም። ምጥ የያዛትን እህት በእኩለ ሌሊት ሆስፒታል አድርሳለች። እሑድ ማለዳ የጸሎት ቤታችንን ድምፅ ማጉያና ኪቦርድ ጭና አዲስ ቅዳም ድረስ ተመላልሳለች። ስለዚህ ልንሸጣት ስንወስን ልባችን ከብዶ ነበር። ለቤት መሥሪያ የወሰድነው ብድር መክፈያው ደርሶ ነበርና ሌላ መንገድ አልታየንም።

መኪናዋ ግን አንድ ችግር ነበረባት። ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ በየማለዳው ራዲያተሩ ላይ ውሃ እጨምር ነበር። በሞተሩ ጎን፣ ቴስታታው ከታችኛው የሞተር አካል ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ፣ ውሃ እያዠ የደረቀበት ቡናማ እድፍ ይታይ ነበር። የማውቀው ሜካኒክ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «መምህር፣ ጓርኒሲዮኑ ሊሄድ ነው። ሳይብስ ቴስታታው ይከፈት» አለኝ። እኔም «እሺ፣ ደመወዝ ሲወጣ» አልኩት። ደመወዝ ስድስት ጊዜ ወጣ።

ሊያሻሽጠኝ የመጣው ደላላ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ወዲያው መልሶ ዘጋው። «መምህር፣ ገዢ መጀመሪያ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ይህን ሞተር እንደ መስታወት አድርገው። ክዳኑ ሲያበራ ያየ ሰው ሌላውን አይጠይቅም» አለኝ። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ ልብሴን ቀይሬ ግቢዬ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራው ደስ ይላል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። በዲናሞው አካባቢ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ስላለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታሁ። የላይኛውን ክዳን ፈትቼ አወጣሁና ክፍት የቀረውን የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅና በላስቲክ ሸፈንኩት። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ከተቀላቀለ ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋልና። ቅባቱን በሳሙናና በብሩሽ አጠብኩ። አንድ ጎረቤቴ በኮስቲክ ሶዳ ቶሎ ይለቃል ቢለኝም እምቢ አልኩ፤ ኮስቲክ ሶዳ ቅባቱን እንደሚበላ ሁሉ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል፣ ያጠቁረዋልም።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት መጣ። ሻካራውን ፊት በቁጥር 220 ጀመርኩ፤ ቀጥዬ 400፣ 600፣ 1000፣ በመጨረሻም 2000። ወረቀቱን የሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ቁጥሩን በቀየርኩ ቁጥር የማሸትበትን አቅጣጫም እየቀየርኩ። አንዴ ወደ ቁመቱ ከሆነ ቀጥሎ ወደ ጎኑ። እንዲህ ሲሆን የፊተኛው ወረቀት የተወው ጭረት መጥፋቱ ይታወቃል። ቸኩሎ አንድ ቁጥር የዘለለ ሰው ኋላ ይጸጽተዋል። ጭረቱ ግራጫው ላይ አይታይም፤ ብረቱ ማብራት ሲጀምር ግን ፊት ለፊት ይወጣል።

እያሸሁ ሳለ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጆች ሳለን የአሉሚኒየሙን ድስት በነፋችው አመድና በገለባ ትፈትገው ነበር። እኛ ልጆቿ የሚያብረቀርቀውን ጀርባውን ማሸት እንወድ ነበርና ስታየን፣ «መጀመሪያ ውስጡን። የምንበላው ከውስጡ ነው» ትለን ነበር። ያን ቀን ትዝታው ፈገግ አሰኘኝ እንጂ ምንም አላልኩም።

በመጨረሻ ፖሊሽ በአሮጌ ካናቴራ ቀብቼ ማሸት ጀመርኩ። ወዲያው ጨርቁ ጠቆረ። መጀመሪያ ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥኩ። ኋላ ገባኝ፤ ጥቁረቱ ከብረቱ ፊት እየተፋቀ የሚወጣ ነው። ብረቱ እየነጣ ሲሄድ ጨርቁ እየጠቆረ ይሄዳል። ጨርቁን ቀያየርኩ፣ ደጋግሜ አሸሁ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ክዳኑን ቀና አድርጌ ሳየው ፊቴን አየሁበት።

ወገኖቼ፣ እስከዚህ ድረስ ኃጢአት አልነበረም። አሮጌ ነገርን ማጽዳትና ማሳመር መልካም ነው። ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው የተሰጠውን ያከብራል። ኃጢአቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

ክዳኑን መልሼ ከገጠምኩ በኋላ የቀረኝ የሞተሩ ጎን ብቻ ነበር። ብሩሹን ይዤ ጎንበስ ስል ያ ቡናማ እድፍ ፊቴ ላይ ተጋረጠ። እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ አውቅ ነበር። ያ እድፍ በዚያች መኪና ላይ እውነቱን የሚናገር ብቸኛው ነገር ነበር። ለሚያውቅ ሰው «እዚህ ላይ ያፈሳል» ይላል። «ማጽዳት እኮ ነው» አልኩ ለራሴ። «ሁሉን አጽድቼ ይህን ብቻ ልተወው?» አልኩና አሸሁት። በጥቂት ደቂቃ ጠፋ። ራዲያተሩንም እስከ አፉ ሞላሁት።

ቅዳሜ ዕለት ገዢው ከዳንግላ መጡ። ጢማቸው የሸበተ፣ ጋቢ የደረቡ አባት ናቸው። ሁለት ቃዳ መሬት ላይ ዲከረንስ ተክለው፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስለው የሸጡበትን ገንዘብ ዓመት ከዓመት አጠራቅመዋል። በአዊ ገጠር ይህን ሥራ የማያውቅ የለም። ዛፉ ሲተከል፣ ሲጠበቅ፣ ሲቆረጥ፣ ሲከሰል ዓመታት ይወስዳል። የእኝህ ሰው ገንዘብ ጭስና ላብ ያለበት ገንዘብ ነበር። መኪናዋን የሚይዘው ሥራ ያጣው የመጨረሻ ልጃቸው ነው።

ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው ክዳኑ ላይ ታየ። ሳቅ አሉ። «ሞተሩን እንዲህ የሚይዝ ሰው፣ ሌላውንማ እንዴት ይዞት ይሆን!» አሉ ለልጃቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንከን አላት ወይ፣ መምህር?» ብለው ጠየቁኝ።

የጠየቁኝ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እኔም፣ «ያው ያረጀች መኪና ናት፣ ጋሼ፤ እኔን ግን መንገድ ላይ አቁማኝ አታውቅም» አልኳቸው።

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። በየማለዳው ውሃ እሞላላት ስለነበር በእርግጥም መንገድ ላይ አቁማኝ አታውቅም። ቃሉ እውነት ነበር፤ ሰውየው ከቃሉ የተረዱት ነገር ግን ሐሰት ነበር። እኔም እንዲረዱት የፈለግኩት ያንኑ ሐሰት ነው። ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ውሉ ተፈረመ። መኪናዋም በዳንግላ መንገድ ሄደች።

በማግሥቱ እሑድ የጌታ እራት ነበር። ጉባኤያችን ትንሽ ናት፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ዝማሬው አለቀ፣ ሽማግሌው ጸለዩ፣ እንጀራው እየተቆረሰ በተራ መጣ። እጄን ልዘረጋ ስል ጥፍሬን አየሁ። በጥፍሬ ሥርና በጣቶቼ መስመር ውስጥ ያ የአሉሚኒየም ጥቁር ገና አልለቀቀም ነበር። በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤያለሁ፤ አልሄደም።

በዚያች ቅጽበት በማቴዎስ ወንጌል 5 ጌታ የተናገረው ትዝ አለኝ። መባህን ይዘህ መሠዊያው ዘንድ ስትደርስ ወንድምህ በአንተ ላይ ቅያሜ እንዳለው ብታስታውስ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ይላል። የዳንግላው አባት ገና አልተቀየሙኝም፤ ምክንያቱም ገና አላወቁም። ለመቀየም የሚያበቃ ምክንያት እንዳላቸው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳህኑን ሳልቆርስ አሳለፍኩት። አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ «ለምን አለፍከው?» አለችኝ። ነገርኳት። የራዲያተሩን ውሃ ታውቅ ነበር፤ እድፉን ማጥፋቴንና የመለስኩትን መልስ ግን አታውቅም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ገንዘቡ በከረጢት ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሰኞ ብድሩን ልንከፍልበት ነበር። «ገንዘቡ አልተነካም» አለች በመጨረሻ። «ነገ ብድር ቤት አትሂድ። ዳንግላ ሂድ።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከእንጅባራ ዳንግላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ከሰል የጫኑ መኪኖች ዳር ይዘው ቆመው አየሁ። የእኝህ አባት ድካም በጆንያ ተደርድሮ የሚመሰክርብኝ መሰለኝ።

መንገድ ላይ ፈረሶችም አየሁ። እኛ አገር ፈረስ ክብር አለው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ፈረሱ በቀለማት ያሸበረቀ ጌጥ ለብሶ፣ ግንባሩና ደረቱ ተሽሞንሙኖ ሜዳውን ሲሞላው ልብ ይሰርቃል። ፈረስ የሚገዛ አዋቂ ገበሬ ግን ጌጡን አይገዛም። ኮርቻውን አንስቶ ጀርባውን ይዳስሳል፤ የቆሰለ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ያደረግኩት የቆሰለ ጀርባ ላይ ጌጥ መደረብ ነበር።

ዳንግላ ደርሼ ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ የቀረ ወረቀት ላመጣ መስሏቸው ነበር። «ግባ፣ ግባ መምህር፣ ቡና እየደረሰ ነው» አሉኝ። ቡናው ሳይቀዳ ልናገር ቸኮልኩ፤ ከጠጣሁ ወዲያ አፌ የሚዘጋ መሰለኝ። መኪናዋ ውሃ እንደምታፈስ፣ ከስድስት ወር በፊት እንደ ተነገረኝ፣ ምልክቱን በእጄ እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው። ገንዘባቸውን መልሼ መኪናዋን ልወስድ፣ ወይም እንዲያዙኝ ልሆን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ከረጢቱንም ፊታቸው አስቀመጥኩ።

ዝም አሉ። ልጃቸው ብድግ ብሎ ወጣ። በመጨረሻ፣ «ቅዳሜ ጠይቄህ ነበር እኮ» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ጠይቀውኛል።»

«ለልጄ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? በመንገድ ላይ ጴንጤ አይዋሽም አልኩት። እኔ የእናንተን ሃይማኖት አልከተልም፤ የአባቶቼን ነው የያዝኩት። ግን እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ወገኖቼ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያች ክዳን ላይ ያበራሁት የራሴን ስም ብቻ አልነበረም። ሳላውቀው የጌታዬን ስም፣ የጉባኤዬን ስም፣ በእምነታቸው ምክንያት በብዙ ትዕግሥት የኖሩ ወንድሞችና እህቶችን ስም ጭምር ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ «ዋሽቻለሁ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «አልዋሸሁም» የሚለው የቅዳሜው ጥበቤ እዚያ ቤት ውስጥ አልቆመም።

ገንዘቡን አልተቀበሉኝም። «መኪናዋን ፈልጌያታለሁ። ትሠራ፤ አንተ ክፈል» አሉ። ቡናውንም አስቀድተው፣ «ጠጣ» አሉኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጠጣሁ።

በዚያው ሳምንት ዳንግላ ያለ ሜካኒክ ቴስታታውን ከፈተው። እኔም ቆሜ አየሁ። ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ተበልቶ ነበር። ሜካኒኩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ አስቀምጦ ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠል አሾለከ፤ ቅጠሉ አለፈ። ቴስታታው ተጣሟል። ምክንያቱን ሲያስረዳን እንዲህ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ የታችኛው አካል ደግሞ ብረት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሞተሩ ውሃ እያነሰው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ሊለጠጥ ፈልጎ በብሎን የታሰረው ቴስታታ ይጣመማል። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ እንኳ የማይሞላ ጥመት ውሃ ለማሳለፍ ይበቃዋል። ውሃ እየጨመርኩ ያቆየሁት እያንዳንዱ ወር ጥፋቱን ሲያብስ ኖሯል ማለት ነው።

ቴስታታው ባሕር ዳር ተልኮ ፊቱ በማሽን ተስተካከለ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ተገዛ። ሲመለስ በእጄ ዳሰስኩት። ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ፣ ልስልስ ነበር። ሜካኒኩ በዚያ ፊት ላይ የብርጭቆ ወረቀት እንኳ ማስነካት አልወደደም፤ «ይህን በእጅ የሚያሽ ሰው ያበላሸዋል» አለ። ብሎኖቹን ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር፣ በቅደም ተከተል፣ በአንዴ ሳይሆን በደረጃ አጠበቃቸው። ከገጠመው በኋላ ያ የተስተካከለ ፊት ተሸፈነ፤ ማንም አያየውም። በዚያች መኪና ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቀጥ ማለት የነበረበት ግን እርሱ ነበር። እኔ ሦስት ቀን የደከምኩት ሁሉም የሚያየው ክዳን ላይ ነው። ክዳኑ ቢያበራም ባያበራም መኪናዋን አንድ ሜትር አያስኬዳትም ነበር።

ያኔ የእናቴ ቃልና የጌታ ቃል በአንድነት መጡብኝ። በማቴዎስ 23 ጌታ ኢየሱስ ለፈሪሳውያን ስለ ጽዋና ስለ ሳህን ይናገራል። ውጩን እያጠሩ በውስጡ ቅሚያና ስስት እንደሞላ ይገሥጻቸዋል። ብዙ ጊዜ ያላስተዋልኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ጌታ ውጩን አታጥሩ አላለም። መጀመሪያ የውስጡን አጥራ፣ ያኔ ውጩም ይጠራል ነው ያለው። ቅደም ተከተል አለው፤ እናቴ «መጀመሪያ ውስጡን» እንዳለችው። ጌታ የሚጠላው የሚያበራውን ክዳን አይደለም። ክዳኑ ሥራው ሽፋን ሲሆን ነው የሚጠላው።

ሐዋርያው ዮሐንስም በመጀመሪያው መልእክቱ ስለ ብርሃን ሲጽፍ ከኃጢአት ነጻ ስለሆኑ ሰዎች አይደለም የሚናገረው። በብርሃን የሚመላለሱት ኃጢአታቸውን የሚናዘዙት ናቸው። ኃጢአት የለብንም የሚሉት ናቸው ራሳቸውን የሚያስቱት። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማብራት አለ። አንዱ እድፉን አጥፍቶ «እዩኝ» ይላል። ሌላው እድፉ ላይ አርፎ «እዚህ ላይ ያፈሳል» ይላል። እኔ ለዓመታት የመጀመሪያውን ቅድስና ብዬ እጠራው ነበር። ጸሎቴ ያማረ፣ አለባበሴ የተስተካከለ፣ በአገልግሎት ቀድሜ የምገኝ ነበርኩ። በየማለዳው ግን በስውር ውሃ እየሞላሁ የማቆየው ነገር ነበረኝ።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ በየማለዳው በስውር የምትሞሉት ነገር ምንድን ነው? ተረጋግቶ ያለ የሚመስል ትዳር ይሆን? ተዘግቶ ያልተዘጋ ሂሳብ ይሆን? ወይስ «እሺ፣ ደመወዝ ሲወጣ» እያላችሁ ያሳደራችሁት ንስሐ?

ይህን ለምታነብ፣ ገና እምነትን በመፈለግ ላይ ላለህ ወዳጄም አንድ ነገር ልንገርህ። ምናልባት ወደ እግዚአብሔር ለመምጣት መጀመሪያ ራስህን ማሳመር ያለብህ ይመስልህ ይሆናል። ያ ጥቁር የሆነ ካናቴራ ይህን አስተምሮኛል። ብረቱ ራሱን አያጸዳም፤ ጨርቅ ነው የሚያጸዳው፤ ጥቁረቱም ወደ ጨርቁ ይሄዳል። የወንጌሉ ነገር ይህ ነው። ኃጢአት ያላወቀው ክርስቶስ የእኛን እድፍ በራሱ ላይ ወሰደ፣ የእርሱን ጽድቅ ለእኛ ሰጠን። እርሱ ዘንድ የሚኬደው አብርቶ አይደለም። እድፉን እያሳዩ ነው። ሳይደበቅ የቀረበለትን ያነጻል።

ከዚያ በኋላ ተአምር አልሆነም፤ እንደሆነ አድርጌ ብጽፍ ሌላ ክዳን ማሸት ነው የሚሆንብኝ። ከጥገናው የተረፈው ገንዘብ ብድሩን አልሸፈነም። ቀሪውን በየወሩ ከደመወዛችን እየከፈልን ቆየን፤ ዓመቱ ከበደን። ባለቤቴ አዲስ ጫማ ሳትገዛ ከረመች። ባላጠፋችው ጥፋት የከፈለችውን አልረሳውም። የዳንግላው አባትም ወደ ጉባኤያችን አልመጡም፤ እኔም ለዚያ ብዬ አልሄድኩም። የጌታን እራት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቆርሼ በላሁ። በጉባኤው ፊትም የሆነውን ተናገርኩ። አንድ ወንድም ከስብሰባው በኋላ እጄን ያዘኝና፣ «እኔም የማስተካክለው አለኝ» አለኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለአንድ ጉዳይ ዳንግላ ሄጄ ነበርና ልጃቸው መንገድ ላይ አየኝ። መኪናዋን አቁሞ ወረደ። ያን ቀን ብድግ ብሎ የወጣው ልጅ ነው። ሰላም አለኝና ሳልጠይቀው ኮፈኑን ከፈተ። የላይኛው ክዳን ደብዝዟል። አየሩ፣ ዝናቡና አቧራው ሥራውን ሠርቷል፤ ግራጫው ተመልሷል። ፊቴ አልታየበትም። ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ጎን፣ ያን መስመር አሳየኝ።

«እየው መምህር፣ ደረቅ ነው» አለ። «ውሃ ጨምሬ አላውቅም።»

ጣቴን ሰድጄ ነካሁት። ደረቅ ነበር።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ከሰው ዓይን የሸሸግሁት ከአንተ ዓይን አይሸሸግም። ያበራሁትን ሳይሆን ያጠፋሁትን ምልክት አሳየኝ። የበደልኳቸውን ሰዎች አስታውሰኝ፤ ወደ ደጃቸው የምሄድበትን ጉልበት ስጠኝ። መጀመሪያ ውስጤን አጥራ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።